የወለደች ድመት ከቤት መውጣት የምትችለው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ እመ ድመት
ጤና ይስጥልኝ። ድመቴ ከወለደች ዛሬ 9ኛ ቀኗ ነው። አራት ልጆች አሏት፣ አራቱም ይጠባሉ። ከመውለዷ በፊት እንደልቧ ወጥታ የምትገባ ነበረች። ከሦስት ቀን ወዲህ ማታ ማታ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ትጮኻለች፣ በሩን ትቧጭራለች። አላስመከንኳትም፤ ደጅ የሚዞር አንድ ትልቅ ወንድ ድመትም አለ። ልልቀቃት ወይስ ልከልክላት? ብትወጣ ልጆቿን ትረሳለች? በሽታ ይዛባቸው ብትመጣስ?

መልስ፦ የጓሮ በር
ትረሳለች ብለሽ አትስጊ፤ ጤነኛ እናት ጡቷ ሲሞላ ራሱ ይመልሳታል። የሚያሰጋው መመለስ ብትፈልግም ሳትችል መቅረቷ ነው። የሰው መጋዘን ገብታ በር ይዘጋባታል፣ መኪና ይገጫታል፣ ውሻ ዛፍ ላይ ያስቀራታል። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይጠባሉ፤ የገላቸውን ሙቀት ራሳቸው መጠበቅ የሚጀምሩት ደግሞ ሦስት ሳምንት ሲጠጉ ነው። ስለዚህ ከረሃቡ ቀድሞ የሚደርስባቸው ብርዱ ነው።

አንድ የማይታሰብ ነገር ልጨምር። እናት በጥድፊያ ስትነሳ ጡት ነክሶ ያልለቀቀ ልጅ ተንጠልጥሎ ይወጣና ከሳጥኑ ውጭ ወለል ላይ ይቀራል። በር ሲከፈት ዘላ የምትሮጥ ድመት ካለችሽ ይህ ይደጋገማል። የሳጥኑ መግቢያ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ እሷ ትዘለዋለች፣ የተንጠለጠለው ልጅ ግን ጠርዙ ላይ ተላቆ ወደ ውስጥ ይወድቃል። በወጣች ቁጥር ልጆቹን ቁጠሪ።

መውጣት ልማዷ ስለሆነ፣ ሦስት ሳምንት ከሞላቸው በኋላ በቀን ብርሃን ለ20 ደቂቃ ብትለቂያት ከባድ ጉዳት አይታየኝም። ልጆቹ ጠብተው ከተኙ በኋላ፣ እሷ ግን ሳትበላ ትውጣ። የራበው ሆድ ቶሎ ይመልሳታል።

መልስ፦ ጥፍር
ከጓሮ በር ጋር እስከ ሳጥኑ ድረስ እስማማለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን አልስማማም፤ ድራቷ ሊመለስ የሚችለው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነውና። «እያጠባች አታረግዝም» የሚባለው ለድመት አይሠራም። አብዛኞቹ ጡት ሲያስጥሉ ወይም ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቆይተው ይደራሉ፤ እያጠቡ የሚደሩም ግን አሉ። ልጆቹ ከሞቱ ወይም ቀድመው ከተወሰዱ ደግሞ በቀናት ውስጥ ሊመጣ ይችላል። የድመት እንቁላል የሚለቀቀው ራሱ ግንኙነቱ ሲቀሰቅሰው ስለሆነ «አንድ ቀን ብትወጣ ምን አለበት» አይባልም። እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ነው፤ እነዚህን ገና ሳታሳድግ ሌላ ትወልዳለች።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ልጆቹ በ4ኛው ሳምንት ርጥብ ምግብ መላስ ይጀምራሉ፣ በ8ኛው ጡት ይጥላሉ። ጡቷ እስኪሟሽሽ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቀሽ ታስመክኛታለሽ፤ ወተት ያዘለ ጡት ሆድ ላይ ለሚቀደው ሐኪም ሥራ ያከብዳልና። ቁስሉ እስኪጠግግ ከ10 እስከ 14 ቀን ቤት ትቆያለች። በድምሩ ከወሊድ 12 ሳምንት። ያ ሁሉ አይቻልም ካልሽ፣ እያጠባችም በጎን በኩል ቀድዶ ማምከን ይቻላል፤ ልጆቹ ምግብ መልመድ ሲጀምሩ ሐኪሙን ጠይቂው። በደንብ ከነቃች በኋላ ተመልሳ ታጠባለች።

ጩኸቱ የድራት መሆን አለመሆኑን ለመለየት አኳኋኗን እይ። የደራች ድመት ወለል ላይ ትንከባለላለች፣ በሄደችበት ትታሻለች፣ ጀርባዋን ስትነኪያት ደረቷን ወደ መሬት ዝቅ፣ ዳሌዋን ከፍ አድርጋ ጅራቷን ወደ ጎን ትጥላለች፣ በኋላ እግሯም ትረግጣለች። በ9ኛ ቀን ይህ ብዙም አይጠበቅም፤ ያንቺዋ የምትፈልገው የለመደችውን ደጅ ይመስለኛል። ልጅ በአፏ ይዛ በሩ ላይ ከቆመች ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ መኝታው አልተስማማትም። ሰው የማይበዛበት፣ ጨለም ያለ ቦታ ስጪያት፣ ጨርቁን ቀይሪው። በዚህ ሁኔታ ከወጣች ልጆቹን አንድ በአንድ አጋግዛ አንቺ የማታገኚው ጉድጓድ ውስጥ ታስገባቸዋለች።

መልስ፦ ነጭ ጢም
በሩን ከመዝጋትም ከመክፈትም በፊት ጤንነቷ ይታይ። ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ እግሯ ገትሮ፣ ጡንቻዋ እየተንቀጠቀጠ ወዲያ ወዲህ የምትል ከሆነ የካልሲየም ማነስ ሊሆን ይችላል። እስከ ነገ አይቆይም፤ ልጆቹን ከጡት ለይተሽ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ጡቶቿንም አንድ በአንድ ዳስሺ፦ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል፣ የደደረ፣ የቀላ ወይም የጠቆረ ካለ ተመርዟል። ጥቂት ቀላ ያለ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ከታች ለሁለት ሳምንት ያህል ቢታይ ያለ ነው፤ ከሸተተ ግን አይደለም።

ወደ በሽታው ስንመጣ፣ ከደጅ ቀድሞ የሚገባው ቁንጫ ነው። 150 ግራም የማይሞላ ልጅ ያለው ደም ጥቂት ስለሆነ ቁንጫ ሲበዛበት በደም ማነስ ይሞታል። ድዱን ገልጠሽ እይ፤ ሮዝ መሆን ሲገባው ከነጣ አደጋ ላይ ነው። የእናቲቱን ወገብ በቁንጫ ማበጠሪያ አበጥሪና የወጣውን ጥቁር ፍርፋሪ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አራግፊው። ዙሪያው እየቀላ ከሟሟ የቁንጫ ኩስ ነው፤ አፈር ከሆነ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት በፍጹም አትጠቀሚ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ድመት ይገድላል። ለምታጠባ ድመት የሚሆነውን ሐኪም ይምረጥልሽ፤ እስከዚያ ማበጠሪያውና በየቀኑ የሚቀየር ጨርቅ ይበቃሉ።

አይጥ የምትበላ እናት ወስፋት ይዛ ትመጣለች፣ በወተቷም ታስተላልፈዋለች። ስለዚህ ልጆቹ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ጡት እስኪጥሉ በየሁለት ሳምንቱ የትል መድኃኒት ይወስዳሉ፣ እናትየዋም አብራ። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ነው። ፓንሉኮፔኒያ ለሚባለው፣ ትውከትና ተቅማጥ አስይዞ የድመት ልጆችን ለሚገድል ቫይረስ ግን በር መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ በጫማና በእጅም ይገባል። የልጆቹ ክትባት የሚጀመረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላቸው ነው።

እመ ድመት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጡቷ ደህና ነው፣ መንቀጥቀጥም የለም። ሶፍቱ ላይ ያለው ግን ቀላ። ያልነገርኳችሁ፣ ትናንት ማታ አምልጣ 40 ደቂቃ ውጭ ቆይታለች። ዛሬ ስመዝናቸው ሦስቱ ከ180 እስከ 195 ግራም ናቸው፤ አንዷ ትናንት 152 ነበረች፣ ዛሬ 150። የ40 ደቂቃው ጦስ ነው?

መልስ፦ ሚዛን ያዥ
40 ደቂቃ ይህን አያደርግም። ሌሎቹ ከ180 በላይ ሆነው እሷ 150 ላይ ከቀረች ልዩነቱ የሰነበተ ነው። ልጅ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር አለባት፤ አንድ ቀን ካልጨመረች ትኩረት ትሻለች፣ ከቀነሰች ዛሬውኑ እርዳታ ትሻለች።

መጀመሪያ ጣትሽን አፏ ውስጥ አስገቢ። ከቀዘቀዘች አትመግቢያት፤ የቀዘቀዘ ሆድ ወተት አይፈጭም፣ ወደ ሳንባም ሊሄድ ይችላል። የሞቀ ውኃ የያዘ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለሽ አጠገቧ አድርጊ፣ ቀስ ብላ ትሙቅ። ከሞቀች በኋላ ጉልበተኞቹን ለጥቂት ደቂቃ አንስተሽ ብቻዋን አጥቢያት፤ በዚያው የእሷንም ድድ እይ፣ ቁንጫዋንም ልቀሚ።

አሁንም ካልጨመረች ለድመት ልጆች የተሠራ የዱቄት ወተት ያስፈልጋል። የላም ወተት ተቅማጥ ያስይዛል። ለ100 ግራም ክብደት በአንድ ጊዜ ከ4 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፣ ለእሷ 6 መሆኑ ነው። ወተቱ 38 ዲግሪ ያህል ይሙቅ፤ እሷ በሆዷ ተኝታ ትጥባ እንጂ እንደ ሰው ልጅ በጀርባዋ አትንጋለል፣ ትታነቃለች። ነገ በዚሁ ሰዓት መዝኛት፤ ድዷ ከነጣ ወይም መጥባት ካቆመች ግን ነገን አትጠብቂ።

መልስ፦ የጓሮ በር
ወንድ ድመት ደጅ ላይ ካለና ማምለጥም ከጀመረች የጥፍር ስሌት ይሻላል፤ የኔን 20 ደቂቃ ተይው። ጎልማሳው ወንድ የእሱ ያልሆኑ ልጆችን ሊገድልም ስለሚችል ሳጥኑ ያለበት ክፍል መስኮት ይዘጋ።

በሩ ሥር የምትጮኸው ማታ ስለሆነ፣ ከመጮኋ በፊት በገመድ ላይ ላባ ነገር አስረሽ 10 ደቂቃ አሯሩጫት፣ ከዚያ የቀኑን ትልቁን ምግብ ስጪያት። የምታጠባ ድመት 4ኛው ሳምንት ላይ ከለመደችው ሁለትና ሦስት እጥፍ ትበላለች፤ የድመት ልጆች ምግብ ስጪያት፣ ሳህኑም ባዶ አይሁን። ሳህኑን፣ ውኃውንና የአሸዋ ሳጥኑን ከልጆቹ ጥቂት ራቅ አድርጊው፤ ለእሷ እንደ መውጣት ነው። ልጆቹ የማይደርሱበት ከፍ ያለ መቀመጫም አዘጋጂላት፤ በተለይ ከ4ኛው ሳምንት በኋላ ጥርሳቸው ሲያሳምማት ወዲያ ማምለጥ ትፈልጋለች።

አንገቷ ላይ ማሰሪያ ካለ አሁኑኑ አውልቂው፤ የልጅ እግር ይገባበታል። መክና የምትወጣበት ቀን ሲደርስ፣ ሲጎተት ራሱ የሚፈታውን ዓይነት ታስሪላታለሽ።

መልስ፦ ጥፍር
አንድ የተረሳ። ሴቶቹ ልጆች ከ4 ወር ጀምሮ ሊደሩ ይችላሉ፤ ወንድሞቻቸውም እህት አይለዩም። የእናትየዋን ቀጠሮ ስትይዢ የእነሱንም አብረሽ ያዢ።