ውድድሩ ይቅር፣ ንባብ እናድርግ፦ የአዳዲስ ጸሐፌ ተውኔቶች ዕቅድ፣ ጅማ

አርቃቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማኅበራችንን ዕቅድ ረቂቅ ደግሜ አነበብኩት። ንጥል 3 ላይ ያለው የተውኔት ውድድር ቢወጣ እላለሁ። ሽልማት አይጠላም። ግን ሦስት ሰው ይሸለምና ሌላው ጽሑፉን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የት ጋ እንደሳተ የሚነግረው የለም። እኔ የመጀመሪያ ተውኔቴን ለአንድ ቴአትር ቤት ሰጥቼ ስምንት ወር ጠበቅኩ። የመጣልኝ መልስ «አላለፈም» ብቻ ነው። ሁለተኛውን ለመጀመር ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

የለንደኑ ሮያል ኮርት ቴአትር ቤት እ.ኤ.አ. በ1957 የጀመረውን እዩት። እሑድ ማታ፣ ያለ ዲኮር (ያለ መድረክ ማስጌጫ)፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ምሽት ብቻ፣ ተዋንያን የአዲስ ጸሐፊ ሥራ አጥንተው ያቀርቡ ነበር። ወጪው ትንሽ ስለነበር ሥራው ባይሳካም ቤቱ አይጎዳም ነበር። ናይጄሪያዊው ጸሐፌ ተውኔት ዎሌ ሾይንካ እዚያ የተውኔት አንባቢ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የራሱም ሥራ እሑድ ማታ ታይቶለታል። የእኛው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በዚያው ዘመን እዚያ ቤት ሄዶ ተምሯል። የጻፈው ንግግር ከተዋናይ አፍ ሲወጣ የሰማ ሰው የቱ እንደረዘመ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ስለዚህ በዓመት 6 ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይነበብ። በመሃል አንድ ወር ለእርማት።

የመድረክ ክፍል፦ እስማማለሁ እህቴ። ግን ክረምት አይታሰብም፤ ያ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለ ሰው እንኳ ምንም አይሰማም። ከኅዳር እስከ የካቲት እናድርገው። እንደዚያ ከሆነ ደግሞ 6 ይበዛል፣ 4 ይበቃል።

የቀድሞ አዘጋጅ፦ ልጆቼ፣ ውይይቱ ላይ ነው ሥራው። ቡና ይፈላ። አቦል ላይ ተመልካች ይናገር፣ ቶና ላይ ተዋንያን፣ ጸሐፊው እስከ በረካ ዝም ይበል። መከላከል ከጀመረ አይሰማም። ደግሞ «ጥሩ ነው» «መጥፎ ነው» አይባል። የት ጋ ሰለቸኝ፣ የት ጋ ጠፋብኝ፣ የት ጋ ልቤ ተንጠለጠለ ይባል።

ወጣት አባል፦ ጋሼ ያሉት ይግባ። እኔ የምለምነው ግማሹ በአፋን ኦሮሞ እንዲሆን ነው። መጀመሪያ በአማርኛ ስጽፍ ገጸ ባሕሪዎቼ ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ ይናገሩብኝ ነበር። በእናቴ ቤት ቋንቋ ስጀምረው ነው መጣላት፣ መሳቅ የቻሉት።

አርቃቂዋ፦ ይኼ ከመጀመሪያውም መግባት ነበረበት። አስተካክዬዋለሁ፦

«ንጥል 3፦ ማኅበሩ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት እሑዶች የ4 አዳዲስ ጸሐፊያንን ሥራ፣ ሁለቱን በአፋን ኦሮሞ ሁለቱን በአማርኛ፣ በተዋንያን ያስነብባል። እያንዳንዱ ሥራ ከአንድ ወር እርማት በኋላ ድጋሚ ይነበባል። ለሽልማት የተያዘው ገንዘብ ለተዋንያን አበልና ለጽሑፍ ማባዣ ይውላል።»

የቡናውን ደንብ በአባሪ አስገባዋለሁ። የሚለወጥ ቃል ካለ እስከ ሐሙስ ማታ ጻፉልኝ፣ ዓርብ ጠዋት ለአዳራሹ ደብዳቤ አስገባለሁ።