«ሲስተም የለም» ማለት ምን ማለት ነው?

ድር ፈታይ (ድሬዳዋ)፦

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ጥያቄዬ የቃል ብቻ አይደለም፣ የእንጀራም ነው።

ድረ ገጽ በመሥራት ነው የምተዳደረው። ሰሞኑን አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) የደንበኞች ገጹን ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ እንድመልስለት ጠየቀኝ። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። «ግባ»፣ «ውጣ»፣ «ፈልግ»፣ «አስቀምጥ» እያልኩ ስገሰግስ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አልኩ። ሰርቨሩ (ገጹን ለሁሉም የሚያቀርበው ዋናው ኮምፒውተር) ሥራ ሲያቆም ለደንበኛው የሚወጣው መልእክት ላይ። እንግሊዝኛው ውስጥ «ሲስተም» የሚል ቃል አለ። እኔም መዝገበ ቃላት ገልጬ «ሥርዓቱ ለጊዜው አይሠራም» ብዬ ጻፍኩ።

ኃላፊው አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ። «አንተ ልጅ፣ ልታስበላን ነው?» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። ሥርዓቱ አይሠራም። አቦ! ለካ የተቃዋሚ መግለጫ ነው የጻፍኩት።

እና እናንተ ቃል የምትወዱ ሰዎች፣ «ሲስተም» ለምንድነው «ሥርዓት» የማይሆነው? በየመስኮቱ «ሲስተም የለም» ሲሉንስ ምን ማለታቸው ነው? እኔ ሥርዓት የሚለውን ቃል የተማርኩት ከእናቴ ነው፣ በቀን አሥር ጊዜ። ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ ኳስ ስንራገጥ ውለን አቧራ ለብሼ ስገባ «አንተ ሥርዓት የለህም!» ትለኝ ነበር። ሲስተም የለህም ማለቷ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ።

የጀጎል መምህር (ሐረር)፦

ልጄ፣ ኃላፊህ ፈሪ ነው ግን አማርኛ ያውቃል።

«ሥርዓት» የመጣው «ሠርዐ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው። ደነገገ፣ መደበ፣ በመልክ በመልኩ አኖረ ማለት ነው። ስለዚህ ሥርዓት ባለበት ደንጋጊ አለ። ሥርዓተ ቅዳሴ፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ ሥርዓተ ትምህርት ብንል ከጀርባው ያዘዘ ሰው አለ። ሥርዓተ ፀሐይ ስንል እንኳ የቀድሞ ሰዎች ማን እንደደነገገው አይጠፋቸውም። እናትህም ደንጋጊ ነበረች፣ የቤትዋን ደንብ አፍርሰህ ስትገባ ነው የጮኸችብህ።

ፖለቲካው ቃሉን የወሰደው በኛ ዘመን ነው። በ1966 ዓ.ም. ተማሪ ነበርኩ። «ሥርዓቱ ይውደም» ሲባል መጀመሪያ ስሰማ ቅዳሴው ይውደም የተባለ መስሎኝ ደንግጫለሁ። በኋላ ጆሮዬ ለመደው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። «ያለፈው ሥርዓት» እንላለን፣ «ያለው ሥርዓት» ብሎ ደፍሮ የሚናገር ግን ብዙም አይሰማም። በደርግ ጊዜ ያለፈው ሥርዓት ንጉሡ ነበሩ። በኢሕአዴግ ጊዜ ደርግ ሆነ። አሁን ደግሞ ተራው የኢሕአዴግ ነው። ሥርዓት የሚለውን ስም የሚያገኙት ከወደቁ በኋላ ነው።

«ሲስተም» የግሪክ ዘር ነው፤ አብሮ የቆመ፣ አንድ ላይ የተገጠመ ማለት ነው። ደንጋጊ አያስፈልገውም። ገጥሞ ከቆመ ሲስተም ነው። ባይገጥምም ማንንም አትቆጣም።

አንተ «ሥርዓት የለም» ብለህ ብትጽፍ ደግሞ በአማርኛ ያለው ስሙ «ሥርዓት አልበኝነት» ነው። እሱን ሰሌዳ ላይ ለጥፍና ኃላፊህን እየው።

ገንዘብ ቆጣሪዋ (ድሬዳዋ)፦

መምህር፣ እጅ ነስቻለሁ። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር በቀን ሃያ ጊዜ የምናገር ሰው ስለሆንኩ ትርጉሙን ልንገራችሁ። ደረጃ አለው።

«ሲስተሙ እያስቸገረ ነው» ካልኩ አሥር ደቂቃ ቁጭ በሉ። «ሲስተም የለም» ካልኩ ከምሳ በኋላ ኑ። ድሬ ደግሞ ከምሳ በኋላ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ፣ ሙቀቱ እንኳን ሲስተም ሰውም ያስተኛል። «ከዋናው ነው» ካልኩ ግን ነገ ነው። አትጠብቁኝ።

አንዳንዴ ደግሞ፣ ይቅር በሉኝና፣ «ሲስተም የለም» ማለት ሻሂ ልጠጣ ነው ማለት ነው።

ድር ፈታይ፦

እህቴ፣ ይሄን መናዘዝሽን ጽፌ አስቀምጬዋለሁ።

«ከዋናው ነው» ያልሽው ግን ቁም ነገር አለው። ዱሮ ከባንክ ብር ለማውጣት ደብተሩ ወደተከፈተበት ቅርንጫፍ ነበር የሚኬደው። ሂሳቡ እዚያው መዝገብ ላይ ነው። ጸሐፊው ሊታመም ይችላል፣ ቁልፉ ሊጠፋ ይችላል፣ «ሲስተም የለም» የሚባል ነገር ግን ሊኖር አይችልም። አሁን ሂሳቡ ያለው አንድ ቦታ ነው፣ ፊትሽ ያለው ኮምፒውተር መስኮት ብቻ ነው። መስመሩ መሀል ላይ ሲበጠስ ብሩም ኮምፒውተሩም አንቺም አላችሁ። የሌለው መሀል ያለው ነገር ነው። ለእሱ አማርኛ የሚሆን ስም አላገኘንለትም፣ ስለዚህ «ሲስተም» አልነው።

የባቡር ልጅ (ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)፦

ወንድሜ፣ ስም አጥተን ሳይሆን ጠያቂ እንዳይኖር ይመስለኛል።

አባቴ ምድር ባቡር ነው የሠራው። ይህች ከተማ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ባይደርስ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ባልኖረች። ልጅ ሳለሁ «ባቡር የለም» የሚባል ነገር ነበር። ብዙ ጊዜ። ግን አባቴ ቤት ሲገባ «ባቡር የለም» ብሎ አይበቃውም። «ጎርፍ እዚህ ቦታ ላይ ሐዲድ ነቅሏል»፣ «ከሽንሌ ወዲያ አንድ ፉርጎ ወጥቷል፣ ማንሻ ተልኳል» ይላል። ቦታው ይታወቃል። ማን ሊጠግን እንደሄደ ይታወቃል። ጣቢያ ላይ ቅርጫቷን ይዛ የተቀመጠች ነጋዴ ሁሉ ታውቀዋለች።

አሁን ስንናገር ስሙን። መብራት ሄደ። ውሃ መጣ። ኔትወርክ ጠፋ። እንግዳ ይመስል ራሳቸው ይሄዳሉ፣ ራሳቸው ይመጣሉ። የላካቸውም ያስቀራቸውም የለም። ቢሮ ስንገባም ያው ነው። «መመሪያ ወርዷል።» ከየት ወረደ? «አቅጣጫ ተቀምጧል።» ማን አስቀመጠው? «ለሚመለከተው አካል ተነግሯል።» ይሄን አካል ፊት ለፊት ያየው ሰው ካለ ይንገረኝ።

በነገራችን ላይ፣ «ለገሀር» ከፈረንሳይኛ ነው፣ ጣቢያ ማለት ነው። እዚህ ያለው «ለገሀሬ» ሰፈር ግን ከዚያ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በኦሮምኛ ለገ ወንዝ ነው፣ ሀሬ አህያ ነው። አዲስ አበባ የተማሩ የአክስቴ ልጆች ሁልጊዜ ይሳሳቱብኛል።

ሳቢያን (ድሬዳዋ)፦

የምን መምህር፣ የምን ግዕዝ! እኔ ቁጥር ነው ያጋጨኝ። ድር ፈታይ፣ ገጽህ ሲጠፋ «404» ይላል። ሐረር 404 ማለት ፔጆ ታክሲ ነው። ፈረንሳይ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ሠርታ የተወችው መኪና ጀጎል በር ላይ ቆሞ «ግቡ፣ ግቡ» ይላል። ለእናንተ 404 «አልተገኘም» ነው። ለእኛ የማይታጣው እሱ ነው።

የጀጎል መምህር፦

ሳቢያን፣ ስድብህን በፔጆው ይቅር ብዬሃለሁ።

መኪና ካነሣህ ግን አንድ ነገር ልጨምር። «መኪና» ከጣልያንኛ ነው፣ ማንኛውም ማሽን ማለት ነበር። ልብስ የሚሰፋውንም መኪና እንለዋለን። ሐረር ውስጥ ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል፤ የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው ስሙን የሰጠው። ሕዝቡ የባዕድ ማሽን መጣለት፣ በጆሮው ሰምቶ ስም አወጣለት። ምሁር አልጠበቀም። ወጣት ሳለሁ ሱሪ ላሳጥር ስሄድ ሰፊዬን «መኪናው ምን ሆነ?» እለው ነበር። «ክር በጠሰ»፣ «መርፌ ሰበረ» ይለኛል። ከሰፊ አፍ «ሲስተም የለም» የሚል ሰምቼ አላውቅም። የባቡር ልጅ ያለችው ልክ ነው።

ድር ፈታይ፦

መምህር፣ እርስዎ የጻፉትን «ሥርዓት» የእኔ ገጽ ላይ ብፈልገው ላይገኝ ይችላል። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት፤ ሲስተሙና ሥርዓቱ የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር ነው የሚያውቀው። ለእሱ ሠ እና ሰ ሁለት ባዕድ ናቸው። ሥርዓትን በሥ ወይም በስ መጀመር ይቻላል። ሦስተኛውን ፊደል ዓ፣ ዐ፣ አ ወይም ኣ ማድረግ ይቻላል። ሁለት ጊዜ አራት ስምንት። አንድ ቃል በስምንት መልክ! ጋዜጣው «ስርዓት»፣ እርስዎ «ሥርዓት»፣ እኔ ስቸኩል «ስርአት»። ሰው ሁሉንም አንድ ዓይነት ያነባቸዋል። ማሽኑ ስምንት ቃል ያያል። ስለዚህ መፈለጊያ በሠራሁ ቁጥር ስምንቱን ከጀርባ ወደ አንድ የሚያመጣ ኮድ እጽፋለሁ። የግዕዙን ልዩነት የማፈርሰው እኔ ነኝ። ይቅርታዎትን እጠይቃለሁ።

ግን የጎረምሳነቴን ጊዜ ሳስታውስ አላማርርም። ኢንተርኔት ቤት በሰዓት እየከፈልን የአማርኛ ገጽ ስንከፍት ፊደሉ ኮምፒውተሩ ላይ ካልተጫነ የሚፈሰው የላቲን ምልክት ነበር። እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደላችንን በራሱ መንገድ ነበር የሚያስቀምጠው። ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ስምምነት) በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን ቢቀበለውም ወደኛ ሰፈር እስኪወርድ ዓመታት ፈጀ። ከጓደኞቼ ጋር አንዱን ገጽ በፊደል ፈንታ ኮከብና ጥያቄ ምልክት ሞልቶት አይተን «ምን ይላል?» ስንባባል አንዱ «ሲስተም የለም ይላል» ብሎን ነበር። ለካ የመጀመሪያው ተርጓሚ እሱ ነው።

የጀጎል መምህር፦

ኮድህን ጻፍ፣ አልቀየምህም። ከጀርባ አንድ አድርገህ ከፊት ግን በሥ እና በዓ አሳይልኝ። መልእክቱንስ ምን አልከው?

ገንዘብ ቆጣሪዋ፦

«አገልግሎቱ ለጊዜው ተቋርጧል» በለው። ሥርዓትም የለበት፣ ሲስተምም የለበት። ሰው ግን አንብቦም ቢሆን «ሲስተም የለም እንዴ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የባቡር ልጅ፦

ማን አቋረጠው? አሁንም ራሱ ነው የሄደው።

ድር ፈታይ፦

የሁለታችሁንም ሰማሁ። ትናንት እንዲህ ብዬ ጽፌ አስገባሁ፦ «አገልግሎቱ ተቋርጧል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። እየጠገንን ነው።»

ኃላፊው ዛሬ ጠዋት ደወለ። አገልግሎቱን ወዶታል። ጥፋቱን ግን አልወደደውም። «ማን አጠፋ ብለህ ነው?» አለኝ። ጥገናውም «ቃል መግባት ነው» ተብሎ ወጣ። ሁለቱን ራሱ ገብቶ ነው ያጠፋቸው። ድርብ ሠረዟን ግን አላያትም። ገጹ አሁን «አገልግሎቱ ተቋርጧል፤» ብሎ ቆሟል።