«አለማመን» እና «ክህደት» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። አጭር ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕሪ እናቷ ካረፈች ወዲህ መጸለይ ያቃታት ልጅ ናት። ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ቃሉ ግን አይወጣም። ይህን «አለማመን» ልበለው ወይስ «ክህደት»?

ለእኔ ክህደት እያወቁ «አላውቅም» ማለት ነው። ተበድሮ «አልወሰድኩም» ያለም «ካደ» ይባላል። ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ የካደው ጌታውን እያወቀው ነው። በማርቆስ 9፥24 ግን የታመመው ልጅ አባት «አለማመኔን እርዳው» ብሎ ይጮኻል። የእኔዋ ልጅ ለእሱ ትቀርብብኛለች።

ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ «ሁለቱም ያው ነው» አለኝ። አልተዋጠልኝም። «ካደች» ብዬ ብጽፍ የፈረድኩባት ይመስለኛል። «አላመነችም» ካልኩ ደግሞ የቀድሞ እምነቷ ይጠፋብኛል። በመካከል ያለ ቃል የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።