ከስግድ በኋላ ግንቡ ይበቃናል ወይስ ወደ ላይ እንውጣ?

የጉዞው አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የስግድ (የእኛ የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል) ጉዟችን እንደ ወትሮው ነው፤ ኢየሩሳሌም አርሞን ሀናጺቭ ኮረብታ ላይ ከቄሶቹ ጋር ጸልየን፣ ጾሙን ፈትተን ወደ ኮቴል (የምዕራቡ ግንብ) እንወርዳለን። ትናንት ግን ከወጣቶቹ አንዱ "ግንቡ ሥር ቆመን ከምንመለስ ቤተ መቅደሱ የነበረበት ተራራ ላይ እንውጣ" አለ። ግማሹ ደገፈ፣ ግማሹ ተቆጣ። እዚሁ እንጨርሰው፤ ስድብ ግን አልፈልግም።

ዘ ነታንያ፦ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ኮቴል እኮ የቤተ መቅደሱ ግድግዳ አይደለም። ሄሮድስ ተራራውን ሲያሰፋ አፈሩን እንዲደግፍለት የገነባው ነው። አያቶቻችን ጎንደር አምቦበር ላይ ተራራ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም የሰገዱት ለድጋፍ ግንብ ነው እንዴ? ከአደባባዩ በእንጨቱ ድልድይ ወደ ተራራው መግቢያ፣ ወደ ሙግራቢ በር የሚወስድ መንገድ አለ። ተፈትሾ መግባት ነው።

እማማ ከአሽዶድ፦ ልጄ፣ መግቢያው ላይ ራባኑት (የአገሪቱ ዋና የረቢዎች ተቋም) የለጠፈውን ማስታወቂያ አላየኸውም? በቦታው ቅድስና ምክንያት ወደ ተራራው መግባት በኦሪት ሕግ ክልክል ነው ይላል።

ዘ ነታንያ፦ እማማ፣ ራባኑት እኮ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አይሁድነታችንን ተጠራጥሮ ሚክቬ (የመንጻት ገንዳ) ግቡ ያለን ነው! ዛሬ እሱ ባለው ልደር?

እማማ ከአሽዶድ፦ እሺ፣ ራባኑቱን ተወው። የአገራችንን ሥርዓት እናንሳ። የወር አበባ የመጣባት ሴት በድንጋይ በተከበበው የመርገም ጎጆ ሰባት ቀን ትቀመጥ ነበር። ምግቧን ከድንጋዩ ወዲህ አስቀምጠንላት እንመለሳለን፤ እጇን እንኳ አንነካም። ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ፣ ገላውንም ልብሱንም አጥቦ ነው ከሰው የሚቀላቀለው። ጎረቤት "አትንኩኝ" እያለ ይጠራን የነበረው በዚሁ ነው። ለመንደራችን ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለቅድስተ ቅዱሳኑ ምን ልናደርግ ነው? ዘኍልቍ 19ን አንብብ፤ ሬሳ የነካ የሚነጻው በቀይ ጊደር አመድ ነው። አመዱ ዛሬ የት አለ? ቅድስተ ቅዱሳኑ የቱ ጋ እንደነበረም ቁርጡን የሚያውቅ የለም። ሳታውቅ ረግጠኸው ብትመለስስ?

የሕግ ተማሪዋ፦ የሚወጡት ረቢዎችም ይህን አልዘነጉትም። የያኔው የጦሩ ዋና ረቢ ሽሎሞ ጎሬን ከ1967 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ቦታውን አስለክተው፣ ሄሮድስ የጨመረው ዳር ዳሩ ይገባበታል ብለዋል። ሚክቬ ገብተው፣ የቆዳ ጫማቸውን አውልቀው ጠርዝ ጠርዙን የሚዞሩት ለዚህ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ቦታው ለሙስሊሞቹ አል አቅሳ ነው። የያኔው መከላከያ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን አስተዳደሩን ለወቅፍ (ለሙስሊሞቹ የሃይማኖት ተቋም) ሲተው ሌላው ይጎብኝ እንጂ አይጸልይ የተባለው ወዶ አይደለም። በመስከረም 2000 (እ.ኤ.አ.) የያኔው የተቃዋሚ መሪ አሪኤል ሻሮን ወጡ፤ በማግስቱ ደም ፈሰሰ፣ ሁለተኛው ኢንቲፋዳም (የፍልስጤማውያን አመፅ) ተከተለ። ምክንያቱ እሱ ብቻ ነበር አልልም። ግን በስግድ ዕለት ነጠላ ለብሰን፣ ጥላ ይዘን በቡድን ብንወጣ "ለጉብኝት ነው" ብንል ማን ያምነናል? ነገር ቢነሳ መሐል የሚገባው የማጋቭ (የድንበር ጠባቂ) ፖሊስስ ስንቱ የእኛው ልጅ ነው?

ዘ ነታንያ፦ ሌላው ይቆጣል ተብሎ እስከ መቼ ከሩቅ ይሰገዳል?

እናት ከሬሆቮት፦ እናንተ ስለ ላይኛው ትከራከራላችሁ፣ ታችኛውስ መቼ ተስተካከለ? የሴቶቹ ክፍል ከወንዶቹ በጣም ያንሳል፤ በበዓል ቀን ድንጋዩ ጋ ለመድረስ ግፊያ ነው። ወንድና ሴት አብረው የሚጸልዩበት ስፍራ ጉዳይ በ2016 መንግሥት ከወሰነበት በኋላ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ራሱ አገደው። ስለዚህስ ለምን አንጮህም?

የጉዞው አስተባባሪ፦ እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ሌላ ቀን እንመለስበት። ለዛሬው እኔ ከእማማ ጋር ነኝ፤ የተማሪዋም ነገር ከብዶኛል። ደግሞም ለጎብኚ በሩ የሚከፈተው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ለጥቂት ሰዓት ነው፤ በብርዱ ወራት ከቀትር በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይዘጋል። ቄሶቹ ኦሪቱን አንብበው፣ መርቀው፣ ዳቦው ተቆርሶ እስክንወርድ አንደርስም። አውቶቡሱ ኮቴል ነው የሚያቆመው። መውጣት የፈለገ ሌላ ቀን በራሱ ይሂድ፤ በማኅበሩ ስም ግን አይሆንም። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ለሽማግሌዎቹ የፊት ወንበር ይያዝ።