የጦርነት ዓለሜ በጨዋታ ሕጉ ፈረሰብኝ፤ መላ በሉኝ

ለዓመታት በወረቀት ላይ የገነባሁትን ምናባዊ ዓለም በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ተጫዋቾች በአንድ አጫዋች መሪነት ገጸ ባሕርይ ሆነው ታሪክ የሚኖሩበት ጨዋታ) 5ኛ እትም ሕግ ላጫውተው ብዬ ተቸገርኩ። ታሪኩ የሚጀምረው በተከበበች ከተማ ውስጥ ነው፤ እህል አልቋል፣ ቁስለኛው በየደጃፉ ተኝቷል። ሕጉ ግን ይህን ሁሉ ያቀልብኛል። ገና አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ ድሩይድ (የተፈጥሮ አስማተኛ) በአንድ ድግምት እስከ 10 ፍሬ ያወጣል፤ አንዷ ፍሬ ሰውን ለአንድ ቀን ታኖራለች። ክፉኛ የቆሰለ ተዋጊ ደግሞ 8 ሰዓት አርፎ እንደ አዲስ ይነሳል። ታዲያ ረሃቡ የት አለ?

አጭሩን እረፍት 8 ሰዓት፣ ረጅሙን (ቁስል የሚድንበትንና ድግምት የሚታደስበትን) 7 ቀን የሚያደርገውን አማራጭ ሕግ ሞከርኩት። ቁስሉስ ከበደ፤ አስማተኞቹ ግን ድግምታቸው ቶሎ እያለቀ ሥራቸው ቁጭ ብሎ ማየት ሆነ። (አንዷ ተጫዋች አኩርፋኛለች፤ እውነቷን ነው።)

ፍሬውን ጨርሶ መከልከል አልፈልግም፤ ሰው መርጦ የያዘውን መንጠቅ ይመስለኛል። ድግምቱ የሚጠይቀው የዕፅ ቅንጣት በተጠቀሙበት ቁጥር እንዲያልቅና ከከበባው ውጭ ብቻ እንዲገኝ ባደርግስ? ወይስ ሕጉን ትቼ፣ አንድ ሺህ የተራቡ ሰዎች ፊት 10 ፍሬ ይዞ መቆምን ራሱን ትዕይንት ላድርገው? ተመሳሳይ ዘመቻ (ተከታታይ የጨዋታ ታሪክ) ያጫወታችሁ፣ እናንተ የቱን መረጣችሁ?