የጉልበት ሎሚ ዙሪያ ሕመም፦ ማረፍ ወይስ መሥራት?

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 31 ነው፤ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ሊፍት የለውም። ሩጫ ከጀመርኩ ወዲህ የቀኝ ጉልበቴ ሎሚው ዙሪያ ያመኛል። ደረጃ ስወርድ፣ ቁጢጥ ስል፣ ታክሲ ውስጥ ብዙ ስቀመጥ ይብሳል። አልወደቅኩም፣ አላበጠም፤ ራጁም ምንም አላሳየም። ልረፍ ወይስ ወጌሻ ጋ ልሂድ?

መልስ 1 (ፊዚዮቴራፒስት)፦
በዚህ ሕመም ራጅ ንጹሕ መሆኑ የተለመደ ነው። ወጌሻውን ተወው፤ ያልወለቀ ነገር አይመለስም፣ ማሸቱም የተቆጣውን ያባብሰዋል።

ሎሚው የጭን አጥንት ጫፍ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ይንሸራተታል። ጉልበት በታጠፈ ቁጥር የጭን ጡንቻ ሎሚውን ወደ አጥንቱ ይጫነዋል። ስትወርድ መላ ሰውነትህን በታጠፈ አንድ ጉልበት ላይ ይዘህ ነው፤ የሚያምህም ለዚሁ ነው። ጭንና መቀመጫ ሳይጠነክሩ ሩጫው ድንገት ሲበዛ ቦታው ይቆጣል። ዝም ብሎ መተኛት ግን ጡንቻውን ያሰልለዋል፤ ሩጫ ስትመለስ ሕመሙም ይመለሳል።

በሳምንት 3 ቀን እነዚህን ሥራ። ጀርባህን ግድግዳ ላይ አስደግፈህ በከፊል ብቻ ዝቅ በል (ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው እስክትሆን አትውረድ)፣ 30 ሰከንድ ቆይ፣ 5 ጊዜ ድገም። ከዚያ በጤነኛው ጎንህ ተኝተህ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርገህ አንሳ፤ 12 ጊዜ፣ 3 ዙር። ጣቶችህ ወደ ላይ ከዞሩ ሥራው ከመቀመጫ ወደ ጭን ስለሚሸሽ ተረከዝህን ግድግዳ እያስነካህ አንሳ። በመጨረሻ የታችኛው ደረጃ ላይ በታመመው እግር ቁም፣ በ3 ሰከንድ ቀስ ብለህ የሌላውን ተረከዝ መሬት አስነካ፤ 10 ጊዜ፣ 3 ዙር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል። መስታወት ፊት ሥራው፤ ጉልበትህ ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለውን ጣት ትይዩ ይሁን።

ሕመሙ ከ0 (ምንም የለም) እስከ 10 (እጅግ ከባድ) ስትመዝነው ከ3 ካላለፈና በማግስቱ ጠዋት ከረገበ ቀጥል፤ ካልረገበ ዙሩን ቀንስ። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ታገሥ።

መልስ 2 (የሩጫ አሰልጣኝ፣ ሱሉልታ)፦
ሩጫውን አታቁም፣ ቁልቁለቱን አቁም። እንጦጦ ከሆንክ ሽቅብ ሩጥ፣ ሲወርዱ ታክሲ ያዝ። እርምጃህንም አሳጥረው፦ በደቂቃ 160 የምትረግጥ ከሆነ ወደ 170 ከፍ በል፤ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል።

መልስ 3 (ነርስ)፦
ከላይ የተባለው ለአንተ ዓይነቱ ነው። ከሎሚው ሥር አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚያመው የጅማት ሕመም ሊሆን ይችላል። በሚያድግ ልጅ ላይ ከሎሚው በታች አጥንቱ ጎላ ብሎ ካመመ ሌላ ነው፣ ይታይ። ስግደት ወይም መንበርከክ የሚያበዛ ሰው ሎሚው ፊት ለስላሳ እብጠት ካወጣ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው። ጉልበቱ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ወይም ከመጠምዘዝ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ ሳታመነታ ሐኪም ቤት። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካለብህ ኢቡፕሮፌን በራስህ አትጀምር።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ሲታጠፍ ይንጫጫል፤ ልም አጥንቱ አልቆ ይሆን? ውኃ ሲጠፋስ ጄሪካን መሸከሙ?

መልስ 1፦
ሳያም የሚንጫጫ ጉልበት ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ አለ፤ ድምፁን አትቁጠረው። 20 ሊትሩን ግን ለሁለት ክፈለው። ስትወጣ ጤነኛው እግር፣ ስትወርድ የታመመው ይቅደም፤ መደገፊያውንም ያዝ።