ኦቨኑን ካቢኔት ውስጥ ከማስገባቴ በፊት ምን ላስተካክል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

እንደምን ከረማችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ወንድሜ ካቢኔት ውስጥ የሚገባ የኤሌክትሪክ ኦቨን ገዝቶ ላከልኝ። እናቴ ወር በገባ በ21 የማርያም ማኅበር አላት፤ ተራዋ ሲደርስ ደፎ ዳቦውን የምጋግረው እኔ ነኝ። ከጢስ ልገላገል ነው ብዬ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አናጺ ጠርቼ ከወለል ጀምሮ ከራሴ በላይ የሚደርስ ካቢኔት በኤምዲኤፍ አሠራሁ። ልናስገባው ስንል ግን ክፍተቱ ሰፋ። የክፍተቱ ውስጥ ወርድ 60 ሳንቲ ነው፣ የኦቨኑ የፊት ፍሬም ደግሞ 59.5። ፍሬሙ የሚያርፍበት ስለሌለ ሁለመናው ወደ ውስጥ ይገባል። አናጺው «ባለ 60 ነው ስላልሽኝ 60 አደረግኩት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እንደዚያ ብዬዋለሁ።

እስከዚያው ልሞክረው ብዬ ወለል ላይ አስቀምጬ ምጣዴን የምሰካበት ሶኬት ላይ ሰካሁት። ሀያ ደቂቃ ያህል ሠራና ብሬከሩ ወረደ። ሶኬቱን ስነካው ይፋጃል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፦ እጄ እርጥብ ሆኖ በሩን ስነካው ነዘረኝ። ትንሽ ነው፣ ግን ነዘረኝ። ከዚያ ወዲህ አልሰካሁትም።

ቤቱ የእናቴ ነው፣ ጭቃ ቤት ነው፣ የመብራት መስመሩም የቆየ ነው። መጀመሪያ አናጺውን ልመልሰው ወይስ ኤሌክትሪሺያን ልጥራ?

ከባሕር ዳር፣ ኤሌክትሪሺያን

እህቴ፣ መልሰሽ ባለመሰካትሽ ደስ ብሎኛል። መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ጥሪ። የካቢኔቱ ነገር በእንጨት ይስተካከላል። «ነዘረኝ» ያልሽው ነው ያሳሰበኝ።

የኦቨን አካሉ ብረት ነው። ከማሞቂያው ወይም ከአንዱ ሽቦ ወደ አካሉ የሚፈስ ነገር ካለ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ይፈልጋል። የግራውንድ ሽቦ ካለ በእሱ ይወርዳል። ከሌለ የሚወርደው በነካው ሰው በኩል ነው። ግራውንድ በሌለበት ጤነኛ ኦቨንም ትንሽ ሊነዝር ይችላል፣ ብልሽት ያለበትም መጀመሪያ ትንሽ ነው የሚነዝረው። ሁለቱን በእጅ መለየት አይቻልም። በመሣሪያ ነው የሚለካው።

ሁለት ነገር ንገሪኝ። በሩን ስትከፍቺ ጠርዙ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ፤ ስንት ቮልት፣ ስንት ኪሎ ዋት ይላል? ከየት አገር ነው የመጣው? ይህን የምጠይቅሽ ከአሜሪካ የሚመጡት ብዙዎቹ ወርዳቸው 76 ሳንቲ ስለሚሆንና በሁለት ፌዝ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ) ስለሚሠሩ ነው። ገመዳቸውም ባለ አራት ሽቦ ነው፣ እኛ አገር መስመር ላይ በግምት አይቀጠሉም።

ጠያቂ

ከአሜሪካ አይደለም፣ ከአዲስ አበባ ነው የገዛው። ጽሑፉ 220–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ፣ 2.9 ኪሎ ዋት ይላል። ሶኬቱ ላይ እኮ የግራውንዶቹ ብረቶች አሉ፣ በግልጽ ይታያሉ።

ከቡሬ

ለግራውንድ ቀላል መላ አለው። ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) እና የግራውንዱን ቦታ በአጭር ሽቦ ታገናኙታላችሁ፣ በቃ። እኛ ቤት የልብስ ማጠቢያው ይነዝር ነበር፣ እንዲህ ከተሠራ ወዲህ መንዘሩ ቀርቷል።

ከባሕር ዳር፣ ኤሌክትሪሺያን

የቡሬው ወንድሜ፣ በክፉ እንዳታይብኝ፤ ግን ይህን ማንም እንዳይሠራው እለምናለሁ። መንዘሩ የቀረው ኒውትራሉ ስላልተቆረጠ ብቻ ነው። አንድ ቀን ግንኙነቱ ከላላ ወይም ምሰሶ ላይ ከተበጠሰ በማሽኑ ውስጥ ያለፈው ፌዝ መመለሻ ያጣና በዚያች አጭር ሽቦ አካሉ ላይ ይወጣል፤ ያኔ የማሽኑ ብረት ሁሉ 220 ቮልት ይሆናል። ሰው መስመር ሲጠግን ፌዝና ኒውትራል ቢያቀያይር ደግሞ መበጠስም አያስፈልገውም፣ ወዲያውኑ ነው። ማጠቢያው እርጥብ ቦታ ነው ያለው። ዛሬውኑ ከሶኬት ንቀለው፣ ባለሙያም ጥራ።

እህቴ፣ ብረቶቹ መታየታቸው ብቻውን ምንም አይነግረንም። በቆዩ ቤቶች ብዙ ጊዜ መስመሩ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ሶኬቱ ዘመናዊ ይሆናል፣ ከጀርባው ግን ከግራውንዱ ቦታ ጋር የታሰረ ነገር የለም። ብሬከሩ ወርዶ፣ ፌዝ አለመኖሩ በቴስተር ታይቶ፣ ሶኬቱ ተፈትቶ ነው የሚረጋገጠው። አንቺ ግን አትፍቺው።

ለሚመጣው ባለሙያ ይህን በይው። ኦቨኑ የራሱ መስመር ከብሬከር ሳጥኑ ተነስቶ ይሳብለት፣ ከምጣዱ ጋር አይጋራ። 2.9 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት 13 አምፔር ገደማ ይስባል። ስለዚህ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ሦስት (ፌዝ፣ ኒውትራል፣ ግራውንድ)፣ ባለ 16 አምፔር ብሬከር። መንገዱ ረጅም ከሆነ ውፍረቱ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ይሻላል። ጭቃ ግድግዳ ውስጥ ሽቦ እንዲሁ አይቀበርም፣ በቱቦ ይሂድ። ሶኬቱ ከኦቨኑ ጀርባ አይሁን፤ ጀርባው ይግላል፣ ችግር ሲመጣም እጅሽ አይደርስበትም። አጠገቡ ያለው ካቢኔት ውስጥ ይሁን። ዲቫይደር በፍጹም አይገባበትም።

አሁን ስለ ግራውንዱ። የመዳብ ዘንግ መሬት ይመታል፣ ቢያንስ ሜትር ከግማሽ ቢገባ ጥሩ ነው። ቦታው እርጥበት የማይለየው ይሁን፣ ለምሳሌ የኩሽና ውሃ የሚወርድበት አካባቢ። የጎጃምን ዋልካ መሬት ታውቂዋለሽ፤ ክረምት ውሃ አቁሮ ይቆያል፣ መጋቢት ሚያዝያ ላይ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የደረቀ መሬት በደንብ አይቀበልም። በነሐሴ ተለክቶ ጥሩ የሆነ ግራውንድ በበጋ ሊደክም ስለሚችል በበጋም ይለካ። ዘንጉ ስላለ ብቻ ደግሞ ተራው ብሬከር ይወርዳል ማለት አይደለም፤ በመሬት በኩል የሚሄደው መጠን ለእሱ ሊያንሰው ይችላል። ለዚህ ነው ኧርዝ ሊኬጅ የሚባለው ብሬከር፣ ባለ 30 ሚሊ አምፔሩ፣ አብሮ የሚገባው። እሱ ትንሽ ፍሳሽ ሲያይ ይቆርጣል። ገንዘብ ካጠረሽ ከካቢኔቱ ጌጥ ቀንሺ እንጂ ከዚህ አትቀንሺ።

የጋለውን ሶኬት አስቀይሪው። ምጣድ ለዓመታት ሲሰካበት የውስጡ ብረት ይለቃል፣ የላላ ቦታ ደግሞ ይግላል። ምጣድሽ 3.5 ኪሎ ዋት ከሆነ ብቻውን 16 አምፔር ይፈልጋል። ከኦቨኑ ጋር 29 አምፔር ገደማ ሆነ ማለት ነው። ከቆጣሪው የሚመጣው ዋና መስመር ይህን መሸከሙ እስኪረጋገጥ እንጀራና ዳቦ በአንድ ሰዓት አትጋግሪ።

ከቡሬ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። በማሽኑ የምታጥበው ባለቤቴ ናት፣ ሳነበው ደነገጥኩ። ነቅዬዋለሁ፣ ነገ ባለሙያ ይመጣል። ከላይ የጻፍኩትን ማንም እንዳይከተለው።

ከዳንግላ፣ አናጺ

የአናጺው ስህተት ብዙዎቻችን የሠራነው ነው። «ባለ 60» የሚባለው የፊቱ ስፋት ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው አካል ጠበብ ይላል፣ ክፍተቱም 56 ሳንቲ ገደማ ነው የሚሆነው፤ 56.8 ድረስ የሚሉ አሉ። ከኦቨኑ ጋር የመጣ ወረቀት ላይ ስዕል አለ፣ ከእኔ ቃል ይልቅ ስዕሉን ተከተሉ።

ያንቺ በቀላሉ ይስተካከላል። 4 ሳንቲ ነው የበዛው። በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሳንቲ ውፍረት ያለው እንጨት ከታች እስከ ላይ ይግባ። ደረቅ ዋንዛ ካገኘ እሱን ያድርግበት፤ ብሎን አጥብቆ ይይዛል፣ ኤምዲኤፍ ግን በጠርዙ ብሎን ሲገባበት ይሰነጠቃል። በኮላ ብቻ አይለጥፈው፣ በብሎንም ይሰር። የኦቨኑ ብሎኖች በፍሬሙ ቀዳዳ አልፈው የሚይዙት እሱን እንጨት ነው። ከፍታው 59 ወይም 60፣ ጥልቀቱ ከ55 የማያንስ።

የሚያርፍበት መደርደሪያ በትንንሽ ፒን ላይ አይንጠልጠል። ኦቨን 30 ኪሎ ያልፋል፣ ከዳቦው ጋር ደግሞ ይጨምራል። ከስሩ ግራና ቀኝ እስከ ወለል የሚወርድ ድጋፍ ይሁንለት፣ በውሃ ልክም ይታይ፤ ካዘመመ ሊጡ በአንድ በኩል ይወፍራል።

ጀርባውን በፕላይውድ ዘግቶት ከሆነ የኦቨኑን ክፍል ይክፈተው። መደርደሪያው ግድግዳውን አይንካ፣ ከኋላ አራት አምስት ሳንቲ ይተው። ከላይም አየሩ የሚወጣበት ይኑር። አየር ካጣ ኦቨኑ ራሱን ያጠፋል፣ የካቢኔቱ ጠርዝ ልባጥም በሙቀት ይላቀቃል። በዚያ ክፍተት አይጥ ስለሚገባ የብረት ወንፊት ይምታበት፤ አይጥ ሽቦ ትበላለች።

ከፍታውን በልክሽ አሠሪው። የጋለ መጥበሻ ከፊትሽ በላይ ማውጣት አይገባሽም።

ከሞጣ

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ እህት ዓለም። የገጠመልን ሰው አራቱን ብሎኖች «ክብደቱ ይይዘዋል» ብሎ ትቷቸው ሄደ። አንድ ቀን በሩን ከፍቼ ሙሉ ድስት በሩ ላይ አሳረፍኩ። ኦቨኑ ከፊት አጎነበሰ። በጉልበቴ ደግፌ ጮህኩ፣ ልጄ ሮጦ ደረሰልኝ። እግሬ ላይ የፈሰሰው ወጥ ጠባሳው አሁንም አለ። አራቱንም ብሎን ዓይንሽ እያየ ይምቱት። ካቢኔቱስ ከግድግዳው ጋር ታስሯል? ጭቃ ግድግዳ ነው ስላልሽ ነው።

ከዳንግላ፣ አናጺ

ጥሩ አነሳሽው፣ እኔ ረስቼው ነበር። ጭቃ ብሎን አይዝም። ፊሸር ብትከቺበትም በሳምንቱ ከነአፈሩ ይወጣል። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለሽ ብትመቺ ድምፁ የሚለይበት ቦታ አለ፣ እዚያ ቋሚው ወይም ማገሩ ነው። በዚያ ላይ አግድም ጣውላ ይታሰር፣ ካቢኔቱ ከጣውላው ጋር ይያያዝ። ምስጥ የበላው እንጨት እንዳይሆን ግን ይፈተሽ። ሲበሱም የተቀበረው ሽቦ በየት እንደሚሄድ ይታወቅ፣ ዋናው ብሬከርም ይውረድ።

ኦቨኑን ለሁለት ሆናችሁ አንሡት። በበሩ እጀታ አትያዙት። በሩ ይወልቃል፣ ወረቀቱ እንዴት እንደሆነ ያሳያል፤ ካወለቃችሁት በጣም ይቀላል።

ከፍኖተ ሰላም

ሁለት ነገር ልጨምር። ኦቨኑ ክረምቱን ሙሉ ሳይሠራ ከቆየ ማሞቂያው እርጥበት ይስባል፣ መጀመሪያ ሲበራ ኧርዝ ሊኬጁን ያወርደዋል። እኛ ቤት ሐምሌና ነሐሴን መጋዘን ቆይቶ ልክ እንዲህ ሆነ። «ኧርዝ ሊኬጁን አውጡት» የሚል ሰው ይመጣል፣ እንዳትሰሙት። ባለሙያ ለክቶ እርጥበት ይሁን ብልሽት ይለያል፣ ማድረቁንም እሱ ያውቅበታል።

ሌላው፣ ሰዓት ያለው ከሆነ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሰዓቱ እስኪሞላም አይግልም ይሆናል። ተበላሸ ብላችሁ እንዳትፈቱት። በእጅ የሚዞር ብቻ ያለው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መብራት ሲመለስ ከቆመበት ይቀጥላል። መብራት ሲሄድ ወደ ዜሮ መልሱት፣ ቤት ሳትኖሩ እንዳይነድ።

ጠያቂ

ተመለስኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀ፣ ግን አልቆጨኝም። ኤሌክትሪሺያኑ ሶኬቱን ሲፈታው ልክ እንደተባለው ሁለት ሽቦ ብቻ ነበር የመጣው። አንደኛው ሽቦ ላስቲኩ ጠቁሮ ሲነካ ይፈረፈር ነበር። እናቴ አይታ አማተበች። አዲስ መስመር ተሳበ፣ ዘንጉ ከኩሽናው ጀርባ እቃ የምናጥብበት አጠገብ ተመታ፣ ኧርዝ ሊኬጁም ገባ። ኦቨኑን ለክቶ ጤነኛ ነው አለ፤ ሲነዝረኝ የነበረው ግራውንድ ስለሌለው ነው። መጋቢት ላይ ተመልሶ መሬቱን ሊለካልኝ ቃል ገብቷል። የምጣዱም ሶኬት ተቀየረ።

አናጺው ደረቅ ዋንዛ ከራሱ አምጥቶ አስተካከለ፣ ለእንጨቱም አላስከፈለኝም። አራቱ ብሎኖች ሲመቱ ቆሜ አይቻለሁ፣ የሞጣዋ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ባዶውን በ250 ለአንድ ሰዓት አሞቅነው፤ ጭስና ሽታ ነበረው፣ መስኮት ከፍተን ጠበቅን። ትናንት ደፎውን በኮባ ጠቅልዬ ጋገርኩ፣ ከላይም ከታችም እኩል ወጣ።

አንድ ነገር ብቻ። ካጠፋሁት በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ውስጡ እንደ ንፋስ ይጮኻል። ብሬከሩን ላውርደው?

ከባሕር ዳር፣ ኤሌክትሪሺያን

አታውርጂው። ማቀዝቀዣው ፋን ነው፣ ካቢኔቱን ከሙቀት የሚጠብቅልሽ እሱ ነው። ሲበርድ ራሱ ይቆማል።